ከደሴ የታዘዘ ደረሰኝ ኮምቦልቻ ላይ ለምን አልታተመም

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የንግድ ድርጅቶችን ኔትወርክ ስጠግን ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ፣ ብዙ ባለሙያም የሚደናገርበት አንድ ችግር አለ። ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኘው የቪፒኤን ታነል (መረጃ ተመስጥሮ በኢንተርኔት የሚያልፍበት መስመር) በራውተሩ ገጽ ላይ ተገናኝቷል ይላል፤ ሥራው ግን አይሠራም፣ ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚወቀሰው መስመሩ ነው። ቀጥሎ የሚስጥር ቁልፉ ይቀየራል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይበራል፣ አልፎ ተርፎም አዲስ ራውተር ይገዛል። ታነሉ ተነስቶ ሳለ ሥራ ከቆመ ግን፣ እኔ እንዳየሁት፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምስጠራው ውስጥ አይደለም፤ ከምስጠራው በፊት፣ ራውተሩ የፓኬቱን (በኔትወርክ የሚላከውን የመረጃ ቁራሽ) አድራሻ በሚለውጥበት ቦታ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ «ናት» የሚባለው የአድራሻ ልወጣ ማለቴ ነው።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላስረዳ። ቢሮው ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ የሆነ የጅምላ ንግድ ነው። ሁለቱ ከተሞች ቢራራቁ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት የሚያውቅ ሰው ግን ለአንድ የራውተር ሩል (ትእዛዝ) ብሎ መውረድና መውጣት እንደማያስመኝ ይረዳልኛል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ፍተሻ የማደርገው በስልክና በርቀት ነው። የዕቃ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም የተጫነበት ሰርቨር ያለው ደሴ ነው፤ የደሴ የውስጥ ኔትወርክ 192.168.10.0/24 (በ192.168.10 የሚጀምሩት አድራሻዎች ሁሉ) ሲሆን ቢሮው ቋሚ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት የማይለወጥ አድራሻ፣ አለው። የመጋዘኑ ኔትወርክ 192.168.20.0/24 ነው፤ ራውተሩ ግን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አልተቀመጠም፣ ከፊቱ ሞደም አለ፣ ሞደሙም ለራውተሩ 192.168.1.2 የሚል የግል አድራሻ ሰጥቶታል። በሁለቱም በኩል ያለው ራውተር ማይክሮቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ታነሉም የተዘረጋው አይፒሴክ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ነው።

የመጋዘኑ ሠራተኞች የደሴውን ፕሮግራም ያለችግር ይከፍታሉ፣ ዕቃ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። ደሴ ያለው ሒሳብ ክፍል የዕቃ መውጫ ደረሰኝ በኮምቦልቻው ፕሪንተር እንዲታተም ሲያዝ ግን ምንም አይወጣም። የመጋዘኑን ኃላፊ ደውዬ «እትዬ፣ የፕሪንተሩ መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚያሳይ እስቲ ይዩልኝ» ብላቸው፣ «አረንጓዴ ነው ልጄ፤ እኛ ስናዘውማ ያትማል፣ የደሴዎቹን ነው እንቢ ያለው» አሉኝ። ይህ መልስ የምርመራውን ግማሽ ጨርሶልኛል። ፕሪንተሩ ደኅና ነው። ታነሉም ደኅና ነው፤ ባይሆን ኖሮ ኮምቦልቻ ያሉት የደሴን ሰርቨር አይከፍቱም ነበር። ቁልፉም፣ መስመሩም እንደዚያው። ልዩነቱ ግንኙነቱን ማን ይጀምራል በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ የተጀመረው ያልፋል፣ ከደሴ የተጀመረው ይቀራል። ግንኙነቱን የጀመረው ወገን ማንነት ለውጥ ሲያመጣ ደግሞ ዓይኔ በቀጥታ የሚሄደው ወደ አድራሻ ልወጣው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ራውተሩ ወደ ውጭ በሚወጣ ፓኬት ላይ የሚሠራውን ሥራ ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚገለጽበት ሰነድ ነው) በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ ስለለያቸው፣ እነዚህ አድራሻዎች ኢንተርኔት ላይ አይጓዙም። በመሆኑም ማንኛውም የቢሮ ራውተር ማስከሬድ የሚባል ሩል ይኖረዋል፤ ወደ ኢንተርኔት በሚወስደው መውጫ የሚያልፈውን ፓኬት ሁሉ የላኪ አድራሻውን በራውተሩ የውጭ አድራሻ ይተካዋል። አይፒሴክ በበኩሉ የትኛው ፓኬት መመስጠር እንዳለበት የሚወስነው በፖሊሲ ነው፤ የእኛ የደሴ ፖሊሲ ከ192.168.10.0/24 ተነስቶ ወደ 192.168.20.0/24 የሚሄደውን መስጥር ይላል። በማይክሮቲክም ሆነ በተራ ሊኑክስ ላይ የላኪ አድራሻ ልወጣው የሚቀድመው ምስጠራውን ነው። ፖሊሲው የሚያየው ከተለወጠ በኋላ ያለውን አድራሻ ነው ማለት ነው።

ለፕሪንተሩ ከሚላከው ፓኬት ጋር አብረን እንሂድ። ከደሴው ኮምፒውተር 192.168.10.30 ተነስቶ ወደ 192.168.20.40፣ ፕሪንተሮች በሚያዳምጡበት ፖርት (የአገልግሎት መለያ ቁጥር) 9100 ይላካል። ራውተሩ ለ192.168.20.0 የተለየ መንገድ ስለሌለው ፓኬቱን በዋናው መውጫ ያወጣዋል፤ በዚያ መውጫ ላይ ማስከሬድ ተቀምጧል፤ የላኪው አድራሻ ከ192.168.10.30 ወደ ደሴው ፐብሊክ አይፒ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ፖሊሲው ቢመጣ የሚጠብቀውን ላኪ አያገኝም። ኬላ ላይ ያለ ተቆጣጣሪ የሚያልፉትን መኪናዎች ታርጋ በመዝገብ ይዞ ሳለ፣ መኪናው ኬላው ሳይደርስ ታርጋው ተፈቶ ሌላ ቢታሰርለት ተቆጣጣሪው አያውቀውም፤ የሆነውም ይኸው ነው። ፓኬቱ ሳይመሰጠር ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ የመድረሻው አድራሻ የግል ስለሆነም እዚያው መንገድ ላይ ይጣላል።

«ሳይመሰጠር» የሚለውን ቃል ቀላል አድርገው የሚያልፉት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ላልፈው አልፈልግም። ፓኬቱ ቲሲፒ በሚባለው፣ መልስ እየጠበቀ በሚልክ ዘዴ የሚሄድ ከሆነ መልስ ስለማይመጣለት ከመጀመሪያው የመክፈቻ ፓኬት አያልፍም። ዩዲፒ የሚባለው ዘዴ ግን መልስ ሳይጠብቅ ይዘቱን ስለሚልክ፣ በታነል እየሄደ ነው ብለን የተማመንበት መረጃ ራቁቱን ከቢሮው ይወጣል። የዚህ ዓይነቱ ብልሽት የሥራ መቆም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ግምት ሆኖ እንዳይቀር የማረጋግጠው ራውተሩ በእሱ በኩል የሚያልፈውን እያንዳንዱን ግንኙነት በሚመዘግብበት የኮኔክሽን ሰንጠረዥ ላይ ነው። ደሴ ላይ አንድ ደረሰኝ እንዲታዘዝ አደርግና ወዲያው መድረሻቸው 192.168.20.40 የሆኑትን መስመሮች አጣራለሁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አራት አድራሻዎች አሉ፤ ላኪው፣ መድረሻው፣ ከዚያም መልሱ ሲመጣ ከማን እንደሚመጣና ለማን እንደሚመለስ። ነገሩ ያለው በአራተኛው ላይ ነው። ልወጣ ካልተደረገ አራተኛው አድራሻ 192.168.10.30 ራሱ መሆን ነበረበት፤ እኔ ያየሁት ግን የቢሮውን ፐብሊክ አይፒ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ቁልፍ መቀየርም ሆነ ራውተር ማጥፋት ከንቱ ድካም ነው። ወደ «ናት» ሩሎቹ ዝርዝር ስሄድ ሰበቡ በግልጽ ተቀምጧል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ሳትነካ አሳልፍ የሚለው ሩል አለ፣ ነገር ግን ከማስከሬዱ በታች ተቀምጧል። ሩሎች ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ ማስከሬዱ ሁሉን ይወስድና ለታችኛው የሚደርሰው ነገር የለም፤ ቆጣሪውም ዜሮ ነው።

ታዲያ ከኮምቦልቻ የሚጀመረው ለምን ይሠራል? የደሴው ሰርቨርም ለመጋዘኑ መልስ ሲሰጥ በዚሁ መውጫ፣ በዚሁ ማስከሬድ በኩል ነው የሚያልፈው። መልሱ ያለው እዚያው የኮኔክሽን ሰንጠረዥ ላይ ነው። ራውተሩ የ«ናት» ሩሎችን የሚያነበው ለአንድ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፓኬቶች፣ መልሶቹንም ጨምሮ፣ በመጀመሪያው ላይ የተወሰነውን ይከተላሉ። ከኮምቦልቻ የመጣው የመጀመሪያ ፓኬት እዚያ ሩሉ በትክክለኛው ቦታ ስላለ ሳይለወጥ ተመስጥሮ ይደርሳል፤ ደሴ ላይ ሲፈታ ልወጣ የሌለበት ግንኙነት ተብሎ ይመዘገባል፤ ሰርቨሩ ሲመልስ ማስከሬዱ አይጠየቅም። ከደሴ የሚጀመረው ግን የመጀመሪያ ፓኬቱ ራሱ ማስከሬዱ እጅ ይወድቃል። በአንድ በኩል የተስተካከለ፣ በሌላው በኩል ያልተስተካከለ ታነል ለወራት «ይሠራል» እየተባለ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ደሴ ላይ አንድ ሰው ኮምቦልቻ ያለ ነገር መክፈት እስኪያስፈልገው ድረስ የሚያውቅ የለም።

ማስተካከያው ሩሉን ጎትቶ ከማስከሬዱ በላይ ማድረግ ነው። ሌላው መንገድ ማስከሬዱ ራሱ በአይፒሴክ ፖሊሲ የተያዘውን ፓኬት እንዳይነካ መወሰን ነው፤ ማይክሮቲክም ሊኑክስም ይህን ይፈቅዳሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ቢከፈት አዲስ ሩል መጻፍና ቦታውን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ፖሊሲው ሲጨመር አብሮ ይሠራል።

ሩሉ ከተስተካከለ በኋላ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት አንድ ወጥመድ አለ። አስቀድሞ የተከፈተ የማያቋርጥ ፒንግ (ሌላው ጫፍ ይመልስ እንደሆነ የሚሞክር ትንሽ ፓኬት) በመስኮቱ እየሄደ ነው እንበል፤ ሩሉ ተስተካክሎም ፒንጉ መልስ አያገኝም። ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነው፤ ያ ፒንግ በአሮጌው ውሳኔ ሰንጠረዡ ላይ ተመዝግቧል፣ በየሰከንዱ የሚሄደው ፓኬትም መዝገቡ ጊዜው አልፎበት እንዳይሰረዝ ያድሰዋል። ሰው ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥቶ አልሠራም ብሎ ይመልሰዋል። ፒንጉን ማቆም ወይም ያንን መስመር ከሰንጠረዡ መሰረዝ፣ ከዚያም እንደገና መሞከር ነው።

ሞካሪው ከራውተሩ ራሱ ፒንግ ሲያደርግም የሚያሳስት ውጤት ያገኛል። ራውተሩ ላኪ አድራሻ ካልተነገረው የውጭ አድራሻውን ይጠቀማል፤ ያ ደግሞ በፖሊሲው ውስጥ የለም፤ ታነሉ ምንም ችግር ሳይኖርበት ፒንጉ ይወድቃል። ላኪው 192.168.10.1 መሆኑ ተለይቶ መታዘዝ አለበት። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን መጀመሪያ የማሳያቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የትኛው ጫፍ ላይ መፈለግ እንዳለብኝ ሳላውቅ ስቀር የምመካው በታነሉ ቆጣሪዎች ነው። አይፒሴክ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የየራሱ የደኅንነት ስምምነት ስላለው፣ በእያንዳንዱም ላይ ስንት ባይት እንዳለፈ ስለሚቆጠር፣ ከደሴ እየተላከ የደሴው የመውጫ ቆጣሪ ካልተንቀሳቀሰ ፓኬቱ ለምስጠራ አልደረሰም፤ ልወጣው ወይም ፖሊሲው ነው። የደሴው እየጨመረ የኮምቦልቻው የመግቢያ ቆጣሪ ከቆመ ነገሩ በመካከል ያለው መንገድ ነው፤ መስመሩን መውቀስ የሚገባው ያኔ ብቻ ነው። የኮምቦልቻው መግቢያ ጨምሮ መውጫው ካልጨመረ ደግሞ ፓኬቱ ደርሷል፣ መልሱ ነው የጠፋው፤ የፕሪንተሩ ጌትዌይ (መልሱን የሚያስወጣበት የራውተር አድራሻ)፣ የኮምቦልቻው ፋየርዎል፣ የኮምቦልቻው «ናት» ይታያል። ይህን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ግማሽ ቀን በስልክ መከራከርን ይመርጣል።

በመካከል ያለው መንገድ ጥፋተኛ በሚሆንበት ጊዜም እንኳ ዋናው ተጠርጣሪ ሌላ የአድራሻ ልወጣ ነው፤ የኮምቦልቻው ሞደም የሚሠራው። አይፒሴክ ውስጥ የተመሰጠረውን ፓኬት የሚሸከመው ኢኤስፒ ፖርት የሚባል ነገር የለውም፤ በፖርት ቁጥር ለይቶ የሚለውጥ ሞደም ደግሞ ፖርት የሌለውን ፓኬት ለማን እንደሚመልስ በአግባቡ አያውቅም። ኤኤች የሚባለው ሌላው ፕሮቶኮል እስከነአካቴው አይሆንም፤ የአድራሻውን ክፍል ጭምር ስለሚያረጋግጥ አድራሻው በተለወጠ ቅጽበት ፓኬቱ እንደተነካካ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የወጡት አርኤፍሲ 3947 እና 3948 መፍትሔውን ደነገጉ። ሁለቱ ራውተሮች በዩዲፒ ፖርት 500 ሲተዋወቁ የአድራሻቸውን አሻራ ይለዋወጣሉ፣ የተላከውና የደረሰው ካልገጠመ በመካከል ልወጣ እንዳለ ያውቃሉ፣ ከዚያም ኢኤስፒውን በዩዲፒ ፖርት 4500 ውስጥ ጠቅልለው ይልካሉ። ደሴ ላይ ፖርት 500 ብቻ ተፈቅዶ 4500 ከተዘጋ ትውውቁ ይጀመርና መሃል ላይ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሞደሙ ላይ ለአይፒሴክ «እገዛ» የሚሰጥ ምርጫ ካለ አጠፋዋለሁ፤ ከረዳው ያደናቀፈው ይበዛል።

ከዚሁ ሞደም ጋር የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ስሕተቱ የቁልፍ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያባክናል። የኮምቦልቻው ራውተር ማንነቱን ሲጠየቅ የሚያውቀውን የራሱን አድራሻ 192.168.1.2ን ይናገራል፤ ደሴ ግን የምታየው የሞደሙን ፐብሊክ አይፒ ስለሆነ፣ የምትጠብቀውም ያንን ከሆነ፣ ማረጋገጫው ይወድቃል። በሁለቱም በኩል መለያው አድራሻ ሳይሆን በስም የተሰጠ እንዲሆን ማድረግ ይህን ከሥሩ ይነቅለዋል።

የሁለቱ ቢሮዎች ኔትወርክ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲኖረው፣ በተለይ ሁለቱም ከፋብሪካ እንደወጣው 192.168.1.0/24 ሲሆኑ፣ የአድራሻ ልወጣው ችግር መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ይሆናል። የሁለቱንም ኔትወርኮች እያንዳንዱን አድራሻ በየራሳቸው ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ የአንዱን በ10.55.1.0/24፣ አንድ ለአንድ መተካት ይቻላል፤ 192.168.1.40 ከሩቅ ለሚያየው 10.55.1.40 ይሆናል። ልወጣው ምስጠራውን ይቀድማል ያልነው እዚህ ይጠቅማል፤ ፖሊሲው መጻፍ ያለበት በተለወጠው አድራሻ ነው፣ በ192.168.1.0 ከተጻፈ ምንም አያልፍም። ሆኖም ቁጥሩን መቀየር የሚቻል ከሆነ ቢሮው በተዘጋበት አንድ እሑድ መቀየሩ ይሻላል። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ አንድ ፕሪንተር ሁለት አድራሻ ያለው ለምን እንደሆነ ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ ከዚያ እሑድ ይበልጣል።

ማይክሮቲክ ላይ ልወጣው ሁሉ ትክክል ሆኖ ግንኙነቱ ተጀምሮ የሚንቀራፈፍ ወይም የሚቋረጥ ከሆነ ፋስትትራክ የሚለውን ሩል ማየት ይገባል፤ ሥራን ለማፍጠን ሲል አይፒሴክን ጭምር ዘሎ ስለሚያልፍ የታነሉ ፓኬቶች ከእሱ መገለል አለባቸው። ትንሹ ፒንግ እያለፈ ትልቅ ሪፖርት ሲከፈት የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የፓኬት መጠን ነው፤ ምስጠራውና የዩዲፒው መጠቅለያ ተጨምረውበት 1500 ባይት ከሚይዘው መስመር ይተርፋል። የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ (አንድ ፓኬት የሚይዘውን ትልቁን የመረጃ መጠን) ወደ 1350 አካባቢ ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ይፈታል።

አዲስ ታነል ስዘረጋ ምርጫው የእኔ ከሆነ አሁን ዋየርጋርድ የተባለውን ሌላ የቪፒኤን ዓይነት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ሲሆን የማይክሮቲክ ሰባተኛው ስሪትም ይዞታል። ታነሉ የራሱ ኢንተርፌስ ስላለው በዋናው መውጫ ላይ የተጻፈ ማስከሬድ አያገኘውም። አንድ ሰው ማስከሬዱን መውጫ ሳይለይ በጅምላ ከጻፈው ግን እዚህም ይገባል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሰርቨሩ ግን የመጋዘኑን ሠራተኞች ሁሉ በአንድ አድራሻ ያያቸዋል፣ ማን ምን እንዳወጣ ከሎጉ መለየት አይቻልም። ለዕቃ ቁጥጥር ይህ ከመቋረጥ ይከፋል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረው መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ነው። የኮምቦልቻው ሞደም ሲነሳ አዲስ ፐብሊክ አይፒ ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ታነሉን ምንጊዜም የሚጀምረው ቋሚ አድራሻ የሌለው ወገን፣ ማለትም ኮምቦልቻ፣ መሆን አለበት፤ ደሴም የሚመጣውን ከየትኛውም አድራሻ ተቀብሎ በስሙ ይለየው። ሞደሙ የያዘው የልወጣ መዝገብ ሥራ በሌለበት ሰዓት እንዳይሰረዝ አንዲት ባይት በየጊዜው ትላካለች፤ የአርኤፍሲ 3948 መነሻ 20 ሰከንድ ነው፣ ዋየርጋርድ ላይ የሚመከረው 25። ማረጋገጫው በሰርተፍኬት ከሆነ ደግሞ የራውተሩን ሰዓት ማየት ያስፈልጋል፤ የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ራውተሮች መብራት ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለሚነሱ፣ ከሰዓት ሰርቨር ጋር እስኪገናኙ ድረስ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተጀመረ ነው ብለው ይመልሱታል። የሰዓት ሰርቨሩ አድራሻ በታነሉ በኩል የሚገኝ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ ሰዓቱ ታነሉን፣ ታነሉም ሰዓቱን ሲጠብቁ ያድራሉ።